በሞንታርቦ የተነበበው ስም

አቃቂ፣ መጋቢት 9 ቀን

ማህሌት፣

ፖስታውን ሳትከፍቺው የማን ጽሕፈት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እንዳትቀጂው እለምንሻለሁ። ስደውል አይገባም፤ ቴሌግራም ላይ ዘግተሽኛል፤ ፌስቡክ ላይም ስምሽ አይመጣልኝም። አልፈርድብሽም። አድራሻሽን የሰጡኝ እናትሽ እትዬ አቻምየለሽ ናቸው። «ትምህርት ቤቷ የፖስታ ሣጥን አለው፣ ጻፊላት። ማንበቧን ግን እኔ አላውቅም» ብለው ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ጂንካ ሙቀቱ እንዴት ነው? ተማሪዎችሽስ? ይህን የመጠየቅ ፊት እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ግን ጤና ሳልጠይቅ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም። እኔና እናቴ ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ።

ቪዲዮውን አይተሽዋል። ድምፁ የእኔ ነው። «በኮምፒዩተር የተቀነባበረ ነው በይና ገላግዪው» ብለው የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። አይደለም። የካቲት 28፣ ቅዳሜ፣ አቃቂ ገበያ ፊት ለፊት፣ የመሰላል ምርጫ ምልክት የተለጠፈበት አይሱዙ ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ ሁለት ሞንታርቦ ተገትሮ፣ የአባትሽን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። «ጃንጥላ ይዞ ድምፅ የሚለምናችሁ አሻግሬ የጓደኞቹን እንጀራ የሸጠ ነው፤ ስማቸውን ጽፎ ከፋብሪካ ያስባረራቸው ነው» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በእናንተ ቤት ምን ያህል ቀን ምሳ እንደበላሁ አንቺም እኔም ቆጥረን አንጨርሰውም። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ዜናችንን ጋሽ አሻግሬ ፊት ቆመን ስንለማመድ፣ ፊደል የዋጥኩ እንደሆነ እጃቸውን አንስተው የሚያስቆሙኝ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ባስተማሩኝ ድምፅ ነው የሰደብኳቸው።

ቂሊንጦ ካለው ልብስ ስፌት ከተቀነስኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። የቅስቀሳ ሥራው ሲመጣ ሁለት ጊዜ አላሰብኩም። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው ብቻ ነው፤ ምክንያት ይሁነኝ ብዬ አይደለም።

ይቅርታ አድርጊልኝ። መልስ ባትጽፊም አንብበሽው ከሆነ ይበቃኛል።

ዙለይኻ


ጂንካ፣ መጋቢት 25 ቀን

ዙለይኻ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አልቀደድኩትም። ሁለት ቀን የመምህራን ክፍል መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ከቆየሁ በኋላ ነው ያነበብኩት።

ስለ ጤና የጠየቅሽውን አልመልስም። ገና አልቻልኩም።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔና አንቺ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። አባዬ የሠራተኛ ማኅበሩ ሰብሳቢ ነበር። ሁሉም ከሚበተን ሠላሳ ሰው ይውጣ ተብሎ ዝርዝር ሲጠየቅ፣ መጀመሪያ የጻፈው የራሱን ስም ነው። አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ። ያን ቀን ቤታችን ነበርሽ። እናቴ ስታለቅስ ውኃ ያቀበልሻት አንቺ ነሽ። ሌላው ሰው ሳያውቅ ቢሰድበው ይገባኛል። አንቺ ግን እያወቅሽ ነው።

ሦስት ነገር ንገሪኝ፣ እውነቱን ብቻ። ያንን ጽሑፍ ማን ጻፈው? ከማንበብሽ በፊት አይተሽው ነበር? አባዬስ ሰምቶታል? ሰምቶ ከሆነ ምን አለሽ? እኔን ምንም አይነግረኝም። እንዲያውም ሰሞኑን ስልኩ ዝግ ነው። እናቴ ጋ ስደውል «ወጣ ብሏል» ትለኛለች። ጤናው እንዴት ነው?

እኔም ቪዲዮውን ያየሁ ዕለት በንዴት ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት ነገር አለ። ስለሱ ግን አሁን ማውራት አልፈልግም።

ማህሌት


አቃቂ፣ ሚያዝያ 6 ቀን

ማህሌትዬ፣

ስለመለስሽልኝ ፈጣሪ ይስጥሽ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ሰው እየገፋኝ ያልፍ ነበር።

ጽሑፉን የሰጠኝ የመሰላሎቹ ቅስቀሳ አስተባባሪ የሺዋስ ነው። እሱ «ከላይ የመጣ ነው» ይላል፤ ከላይ ያሉት «ከወረዳው ነው» ይላሉ። የእነሱ የምክር ቤት ዕጩ ዘካሪያስ፣ ያ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው መሐንዲስ፣ አስቀድሞ እንዳላየው ነግሮኛል። ቪዲዮው አገር ሲያዳርስ ግን አላስቆመም።

አይተሽው ነበር ወይ ላልሽው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ጠዋት አንብቤዋለሁ። ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ የሺዋስ ከታች ያቀበለኝ መኪናው ገበያው ፊት ከቆመ በኋላ ነው። ስማቸውን አየሁት። ማቆም እችል ነበር። የማይኩ ማጥፊያ አውራ ጣቴ ሥር ነበረ።

ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ። ስለ ውኃ ሳነብ ዞር ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ስማቸውን ስጠራ ግን ገበያው በሙሉ ቀና አለ። ጮኸ፣ አጨበጨበ። ያኔ ድምፄን ከፍ አደረግኩት። ደስ አለኝ፣ ማህሌት። ለአንዲት ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። አንቺን ያመመሽ ቃሉ ይሆናል፤ እኔን ግን ሰላም የነሳችኝ ያቺ ደቂቃ ናት።

አባትሽ ሰምተዋል። ከገበያው ማዶ፣ የሰቦቃ ጸጉር ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። በሦስተኛው ቀን የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ሰው መሃል ልደበቅ ስል በስሜ ጠሩኝ።

«ዙለይኻ፣ ሰው ስትሰድቢ ከነአባቱ ስም ጥሪው። አቃቂ ውስጥ ስንት አሻግሬ አለ፤ የሌላው ሰውዬ ልጆች በከንቱ ይጨነቃሉ።»

ይቅርታ ልላቸው ስል ታክሲያቸው ደረሰ። «እናትሽን ሰላም በያት» ብለውኝ ገቡ። ሰልፉ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏት «አይዞሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ማይኩን ለየሺዋስ መለስኩለት። «ዘመቻው እንዲህ ጦፎ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ከአንቺ የተሻለች አላጣም» አለ፤ አላጣምም። በዚያው ሳምንት የእናንተ የጃንጥላው መኪና ደግሞ ዘካሪያስን «ዲግሪውን የገዛ መሐንዲስ» እያለ ዞረ። አሁን ሠፈሩ ውስጥ ሰው ሰላም የሚባለው የምርጫ ምልክቱ ታይቶ ነው። አንድ ግቢ የተከራዩ ሁለት ቤተሰቦች የልብስ ማስጫ ገመዱን መሃል ለመሃል ተካፍለውታል፤ የአንዱ ካልሲ ወደዚያኛው ካለፈ ጠብ ነው። አንቺ ብታዪው ትስቂ ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የአባትሽ ጤና ደህና ነው። ስልኩ ሥራ ስለበዛባቸው ይሆናል።

ዙለይኻ


ጂንካ፣ ሚያዝያ 19 ቀን

ዙለይኻ፣

«እውነቱን ብቻ» ብዬሽ ነበር። ዋሸሽኝ።

ትናንት ሰቦቃ ደወለልኝ። «የአባትሽ እጅ እንዴት ሆነ?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል! የምን እጅ? ከወር በፊት ተገፍቶ ወድቆ፣ እጁ ተሰብሮ፣ ጀሶ ታስሮለት ሠፈሩ ሁሉ ሲያውቅ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጤና ጣቢያ የወሰድሽው አንቺ እንደሆንሽም ነገረኝ። «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ብለሽ የጻፍሽልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስድቡን ይቅር ልልሽ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ይህንን ግን እንዴት ልበልሽ?

ሌላም ነገር አለ። የእናትሽ የቅመም መደብር ከተዘጋ ቆየ አለኝ። እትዬ ናዕማ በዒድ ማግስት እንኳ ሳትከፍት የማትውል ሴት፣ ምን ሆና ነው? አንድም ቦታ አላነሳሽልኝም።

ሁለቱንም ንገሪኝ። እንዳልከፋ ብለሽ እንዳትቀንሺ።

ማህሌት


አቃቂ፣ ግንቦት 1 ቀን

ማህሌት፣

ልክ ነሽ፣ ዋሽቻለሁ። ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ።

መጋቢት 20 ቀን ነው። ጋሽ አሻግሬ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፖስተራቸውን ራሳቸው ይለጥፉ ነበር። ሦስት የመሰላል ካፕ ያደረጉ ጎረምሶች መጥተው ቀደዱባቸው። «ልጆች፣ ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ቢያንስ እስኪደርቅ ጠብቁ» አሏቸው። አንደኛው ገፋቸው። የመንገዱ ጠርዝ ላይ በግራ እጃቸው ወደቁ፣ ስልካቸውም ተሰበረ። እኔ ከታክሲ እየወረድኩ ነበር። ሮጬ ስደርስ ልጆቹ «እንጀራ ሻጭ! እንጀራ ሻጭ!» እያሉ እየሄዱ ነው።

ቃሉ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ከእኔ አፍ ነው የወሰዱት።

ባጃጅ ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ጀሶው ሲታሰር አንዴም አላቃሰቱም፤ እኔ ነኝ የተንሰቀሰቅኩት። «ለማህሌት እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «የተማሪዎቿን ፈተና ጥላ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ትንገላታለች። መጥታም አጥንቱን አትገጥመውም።» «ማዪልኝ» አሉኝ፣ ማልኩ። ለእሳቸው የገባሁትን ቃል ከማፍረስ አንቺን መዋሸት ቀለለኝ። አሁን ሳስበው ቀላል አልነበረም። ጀሶው በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል፤ ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

የእናቴን ነገር ግን ላልጽፍልሽ ወስኜ ነበር። የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።

ቪዲዮውን ያየሽ ዕለት የጻፍሽውን ታስታውሺያለሽ። «እናትየው በሚዛን ትሰርቃለች፣ ልጅቷ በምላሷ።» ሰዎች የመደብሯን ፎቶ ጨምረው አዞሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኞቿ «እስኪ እንደገና መዝኚልን» ይሏት ጀመር። እናቴ ነገሩ አልገባትም፤ እየሳቀች ደግማ መዘነች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው የበርበሬ ጆንያዋን በእግሩ ገፍቶ መሬት ላይ ደፋባት። «ሌባ» አላት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ገበያ ስትሸጥ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። የቀረውን በመጥረጊያ ሰብስባ፣ ቆልፋ መጣች። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።

ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ የጻፈውን ሰው አታውቅም። «ማን ነው ልጄ?» ስትለኝ «የማይታወቅ ሰው ነው» አልኳት። እሷንም ዋሸኋት ማለት ነው።

እኩል ነን ልልሽ አይደለም። የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ዙለይኻ


ጂንካ፣ ግንቦት 13 ቀን

ዙለይኻዬ፣

ይህንን አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አምስተኛው ነው።

አንቺ ያቺን አንድ ደቂቃ ነግረሽኛል። የእኔን ደግሞ ስሚ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ «በሚዛን» እና «በምላሷ» የሚሉት ቃላት ሲገጥሙልኝ ፈገግ አልኩ። ጎበዝ መሰልኩ ለራሴ። አንድ ሺህ ሰው ወደደው፤ ባሰብኩት ቁጥር እየከፈትኩ እቆጥር ነበር። እትዬ ናዕማ አንድም ቀን አልታየችኝም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እፍኝ ሙሉ ቆሎ የምትሰጠን ሴት፣ ሳትመዝን!

ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ። በራሴ ስም «የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ሴትዮዋን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ከማንም ቀንሳ አታውቅም» ብዬ አወጣሁ። ያ አንድ ሺህ ሰው አላጨበጨበም። «ተገዝተሻል» ያሉኝ አሉ። የአባዬ ደጋፊ ነን የሚሉት «የአባቷን ጠላት ስም የምታጥብ» አሉኝ። ይሁን።

ከዚህ ጋር ለእናትሽ የጻፍኩት ወረቀት አለ። አንብቢላት። አንድም ቃል አትዝለዪ፣ አታለስልሺ።

እዚህ አንድ ነገር ገጠመኝ። ዘጠነኛ ክፍሎች የክፍል አለቃ ሲመርጡ አንደኛው ተወዳዳሪ ተነስቶ ስለ ሌላኛዋ እናት ጠላ መሸጥ ማውራት ጀመረ። «ይህንን ከማን ነው የተማርከው?» አልኩት በቁጣ። «ከትልልቅ ሰዎች፣ ቲቸር» አለኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ነው የተመለስኩት። ከዚያ እያንዳንዱ ስለ ክፍሉ ምን እንደሚሠራ ብቻ እንዲናገር አደረግኩ። ንግግሩ ሁሉ በሁለት ደቂቃ አለቀ! የሚናገሩት አልነበራቸውም። «ሂዱና አስባችሁ ነገ ኑ» አልኳቸው። በማግስቱ ልጅቷ ስለ ተሰበሩት ሦስት ወንበሮች አስባ መጣች፤ እሱ ስለ መስኮቱ።

ልደውልልሽ ስልኬን አንስቼ ነበር። ግን ስልክ ላይ አፌ ይፈጥናል። ወረቀት ላይ እጄ እስኪደርስ ድረስ የማስብበት ጊዜ አገኛለሁ። እስክመጣ እንዲሁ እንጻጻፍ።

ማህሌት

(ለእትዬ ናዕማ)

እትዬ ናዕማ፣ እንደምን ሰነበቱ? በሚዛን ይሰርቃሉ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የአሻግሬ ልጅ ማህሌት። ሌላ ሰው አይደለም። ዙለይኻ ላይ ተናድጄ እርስዎን መታሁ። ውሸት እንደሆነ ስጽፈውም አውቅ ነበር። በርበሬዎ የተደፋው፣ ስምዎ የጠፋው በእኔ ነው። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። ምን ላድርግ ቢሉኝ፣ ያሉኝን አደርጋለሁ።


አቃቂ፣ ግንቦት 26 ቀን

ማህሌትዬ፣

እናቴ ምን እንዳለች ለማወቅ ቸኩለሻል፤ ከሱ ልጀምር።

ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር። አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩላት። እጇ ቆመ። «ማህሌት? ያቺ ቀጭኗ?» አለች። «አዎ» አልኳት። «አንቺስ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። እሱንም «አዎ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንንም አላናገረችም፤ አንቺን በሩቅ፣ እኔን በቅርብ። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ እያቀረበችልኝ ዝም አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን እየለበሰች እንዲህ አለች። «ይቅር ብያታለሁ ብለሽ ጻፊ። ግን በወረቀት ብቻ አይሆንም። ስትመጣ መደብሩ ላይ ከእኔ ጋር ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች። ሰው ይያት።» ይህንኑ ነው ያለችው፣ አልጨመርኩም።

ማክሰኞ ከፈተች። የመጀመሪያው ገዢ አባትሽ ናቸው። ጀሶው ተፈትቶ፣ እጃቸው ገርጥቶ፣ ለምን እንደሚጠቅማቸው የማያውቁትን ኮረሪማ ገዙ። ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብለው «ናዕማ፣ መርቂልኝ እንጂ» አሏት። «ከመረቅኩልዎማ ሚዛኑ ተሳሳተ ሊሉኝ ነው» አለች። ገበያው ሳቀ። እናቴ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

አሁን ዋናውን ስሚ። የእናንተዋ አስተባባሪ ዙፋን እኔን ፈልጋ መጥታ ወደ ጃንጥላው ቅስቀሳ ቢሮ ወሰደችኝ። «መሰላሎቹ በግድ አስነበቡኝ፣ አስፈራሩኝ ብለሽ በእኛ መኪና ተናገሪ» አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። እኔ ንጹሕ ሆኜ የምወጣበት ቀዳዳ ታየኝ። ጋሽ አሻግሬ ሰምተው ቢሮ ድረስ መጡ። «ይህች ልጅ ማንም አላስፈራራትም። ከአንዱ ሞንታርቦ የወረደችው ሌላው ላይ ልትወጣ አይደለም» አሏት። ዙፋን «ጋሼ፣ እነሱ እየሰደቡን እኛ በጨዋነት ልንሸነፍ ነው?» አለች። «እሱን አላውቅም። ስድቡ ግን እስካሁን አንድ ቧንቧ አልጠገነም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ፣ አንድ ቦታ አብረሽኝ ሂጂ።»

የወሰዱኝ ቱሉ ዲምቱ፣ ዘካሪያስ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ። በየፎቁ እያረፍን ወጣን። ዘካሪያስ በሩን ሲከፍት ደነገጠ። እጃቸውን አየና «የእኛ ልጆች ናቸው አይደል?» አለ።

«ልጆች ናቸው። የማን እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም» አሉት። «የመጣሁት ለሱ አይደለም። የእኛ መኪና አንተን ዲግሪህን የገዛህ ነህ ብሎ ዞሯል። ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ስትማር አባትህ ከእኔ ጋር አንድ ፈረቃ ነበር። እየተጠቀምኩበት ዝም አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።»

«እኔስ? ቪዲዮውን እኮ አይቼዋለሁ ጋሼ። እየሠራልን ነው ሲሉኝ ዝም አልኩ» አለ ዘካሪያስ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም አቀረቀርን።

እዚያው ተቀምጠው ተነጋገሩ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አይሱዙ ላይ፣ በአንድ በኩል መሰላል በሌላው ጃንጥላ ተለጥፎ፣ ሁለቱም አብረው ወጡ። ማይኩን ይዤ ተራ የማስጠብቀው እኔ ነበርኩ። ስለ ሌላው ሰው የሚነገር የለም፤ ስለ ሥራ ብቻ። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ተቆጥተዋል። የሺዋስ አልመጣም፤ ዙፋን መጥታ ጥግ ላይ ቆማለች።

መጀመሪያ ሰው ግር አለው። አንዱ «ዛሬ ስድብ የለም እንዴ?» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሳቀ፤ እኩሌታው ትቶን ሄደ። የቀሩት ግን መጠየቅ ጀመሩ። አንዲት እናት ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለምትመጣበት ነገር ጠየቀች። ዘካሪያስ ስለ መስመሩ መለሰ። አባትሽ «እሱ የሚለው ትክክል ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ታንከሩ ይጠገን» አሉ። ማህሌት፣ «እሱ የሚለው ትክክል ነው» ሲባል በሞንታርቦ ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄው ሁለት ሰዓት ቆየ። ያን ያህል የሚያስጨበጭብ ነገር አልነበረም፤ ግን እስከ መጨረሻው ቆመው የሰሙ ሰዎች ነበሩ።

ዙለይኻ


ጂንካ፣ ሰኔ 5 ቀን

ዙለይኻዬ፣

ደብዳቤሽን ለክፍሌ ተማሪዎች ቀንሼ አነበብኩላቸው፤ ስም ሳልጠራ። «ማን አሸነፈ?» ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው።

ላንቺ ግን ፍርሃቴን ልንገርሽ። አባዬ ቢሸነፍስ? በስልክ ሲያወራኝ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል። ዕድሜውን በሙሉ ለሌላ ሰው ሲፈርም የኖረ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ለራሱ ሲመኝ እያየሁ ነው። ዙፋን ያለችው በጆሮዬ ያቃጭላል። በጨዋነት ቢሸነፍ ይጸጸት ይሆን?

ሐምሌ 3 ቀን እገባለሁ። በማግስቱ ጠዋት እናትሽ ጋ ነኝ። ምን ለብሼ እንደምቀመጥ ሳይቀር እያሰብኩ ነው።

የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ከእሱ ይልቅ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ማህሌት


አቃቂ፣ ሰኔ 19 ቀን

ማህሌትዬ፣

በስልክ ሰምተሻል። አባትሽ አልተመረጡም። በሺህ አንድ መቶ አርባ ድምፅ ነው ዘካሪያስ የበለጣቸው። አንቺ የፈለግሽው ግን ቁጥሩን ሳይሆን ሌላውን ስለሆነ እሱን ልጻፍ።

ውጤቱ የምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሲለጠፍ አብሬያቸው ነበርኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ እንደገና አነበቡ። ከኋላችን የነበሩ የእናንተ ወጣቶች «ተጭበርብሯል፣ እንውጣ!» ማለት ጀመሩ። ጋሽ አሻግሬ የራሳቸውን ታዛቢዎች ጠርተው አንድ በአንድ ጠየቁ። «ስታዩ የነበረው ይኸው ነው? ፈርማችኋል?» ሁሉም «አዎ» አሉ። «እንግዲያው እኔም ፈርሜያለሁ። ወደ ቤት» አሉ። ወጣቶቹ አጉረምርመው ተበተኑ። አንዱ እንባውን እየጠረገ ነበር፤ አቅፈውት ሄዱ።

አልዋሽሽም፤ ከፍቷቸው ነበር። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ላይ ዋሉ። እትዬ አቻምየለሽ ስገባ «ተያቸው» አሉኝ። እኔ ግን ያልሽውን ጠየቅኳቸው። ይጸጸታሉ ወይ? ግድግዳውን እያዩ «መሸነፉ ያማል፣ ልጄ። እንደ ፊቱ እየተሰዳደብን ብሸነፍ ግን ከዚህ አልጋ የምነሳ አይመስለኝም» አሉ። በሦስተኛው ቀን ተነሱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ዘካሪያስ ጭቃውን ረግጦ መጣ። ማንንም አላስከተለም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባትሽ ጨነቀው ብለው ነው መሰለኝ፣ ተነስተው ከመኝታ ቤት አንድ ወፍራም ደብተር አምጥተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰው የነገራቸውን ሁሉ ጽፈውበታል። የየቤቱ ሰው ስም፣ ያለበት ቦታ፣ የጎደለው ነገር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት።

«ይህ የጃንጥላ ምስጢር አይደለም፣ የሰው ነገር ነው። ሥራው ደግሞ አሁን ያንተ ነው» አሉት።

ዘካሪያስ ገጹን እየገለጠ ቆየ። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» አለ።

«ክረምቱ ገብቷል። ከወንዙ ዳር ካሉት ቤቶች ጀምር። መንገዱን ካላወቅከው አሳይሃለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ሄድን፤ ሁለቱ፣ እኔና እናቴ ያስያዘችኝ ጃንጥላ። ዝናቡ ያካፋ ነበር። የመጀመሪያው ቤት የእማማ ኦልጅራ ነው፤ ከበሩ ሁለት እርምጃ ወርዶ ወንዙ አለ፣ ባለፈው ክረምት እስከ አልጋቸው ገብቶባቸዋል። እሳቸው በሩን ከፍተው መጀመሪያ አባትሽን አዩ፣ ቀጥሎ ዘካሪያስን፣ ከዚያ እኔን። ሁለቱንም በፖስተር ያውቋቸዋል። ግራ ገባቸው።

«ምርጫው አላለቀም እንዴ?» አሉ።

«አልቋል እማማ» አሉ ጋሽ አሻግሬ፣ ጫማቸውን እያወለቁ። «ለዚህ እኮ ነው የመጣነው።»

ዙለይኻ